ሾፌሩና በረዶው

ቴምቦ የቀኙን የበረዶ መርገጫ ባለ ሹል ብረት በግራ ጫማቸው ስር ለማሰር ይታገላሉ። ጠፍሩን አንዴ በላይ፣ አንዴ በታች ያሾልኩታል፤ ሊጠብቅላቸው ግን አልቻለም። መሪያቸው ማሲካ የራሷን አስራ ከጨረሰች ቆይታለች። ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ፣ እንዳላየች ሆና ታያቸዋለች።

ነግቷል። ከኤሌና ማረፊያ ጎጆ ሲነሱ ግንባራቸው ላይ ያሰሩትን ባትሪ አብርተው ነበር፤ አሁን አያስፈልግም። ከፊታቸው ግግር በረዶው ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተዘርግቷል። ከበረዶው ማዶ የሚወጡበት የማርገሪታ ጫፍ፣ ከስንት ቀን ጭጋግ በኋላ ጥርት ብሎ ወጥቷል።

"ጋሼ፣ ላግዝዎት?" አለች ማሲካ።

"እኔን? የተሳቢ ጎማ ብቻዬን የምቀይረውን ሰውዬ?"

ባለቤታቸው ካቡጎ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የእሳቸው ብረት ጥብቅ ብሎ ታስሯል። "አንተ ሰውዬ፣ ግራና ቀኝህ ጠፋብህ እንዴ?"

"አንድ ዓይነት ናቸው።"

"አይደሉም። የእኔን እየው፤ መቆለፊያው በውጭ ነው።"

"ጋሼ ሾፌር፣ ማርሹ አልገባም አለ?" አለ ብዋምባሌ፣ ረዳት መሪው። ቀልዱ የማያልቅበት ጎልማሳ ነው። ካቡጎ ሳቁ። ቴምቦም ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ማሲካ አልሳቀችም። ትናንት ማታ ቴምቦ ሳህናቸውን ሳይነኩ "ጠግቤያለሁ" ብለው ወደ ጎን ገፍተውት ነበር። ዛሬ ሊነሱ ሲሉ ከጎጆው ጀርባ የሚያስታውክ ሰው ሰምታ ብትወጣ፣ እሳቸው አፋቸውን እየጠረጉ "ሻዩ ነው" አሏት። መንገድ ላይም ድንጋዩን በእጃቸው እየተደገፉ ነበር የመጡት። ይህን ሁሉ ሌላ እንግዳ ላይ ብታየው ከጎጆው አታስወጣውም ነበር። ቴምቦ ስለሆኑ ግን፣ ትንሽ ቆይቶ ይሻላቸዋል እያለች እዚህ ድረስ መጣች።

አባቷ የሞተ ጊዜ ማሲካ ገና ልጅ ነበረች። ለቅሶው ሳያልቅ አጎቷ ቴምቦ ፍራሿን ጠቅልለው መኪናቸው ላይ ጫኑና ቤታቸው ወሰዷት። ቴምቦ ከተራራው ስር ካለችው ካሴሴ እስከ ባሕር ዳርቻዋ ሞምባሳ የሚመላለስ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር። ከሄዱ ሳምንታት ያልፋሉ። ሲመጡ አቧራ ለብሰው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ለልጆቹ የባሕር ዓሣና ተምር ይዘው ይመጣሉ። ገበታ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያወራሉ፤ ሜዳውን አቋርጠው ሲመጡ፣ ማለዳ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ነጩ በረዶ ብልጭ ሲል ስላዩበት ሰዓት። "ቤቴ ገባሁ የምለው ያኔ ነው" ይላሉ። "ከተማው ቢታይ ባይታይ ግድ የለኝም።"

በኋላ በኋላ ግን ነጩ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደና መፈለግ ያዙ። ሰማዩ ጥርት ባለ ጠዋት እንኳ መኪናቸውን ዳር አቁመው፣ ወርደው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ይፈልጉታል። ጡረታ የወጡ ዕለት ለማሲካ "ሳያልቅ ውሰጂኝ፤ ልንካው" አሏት። ማሲካ ያኔ የተራራ መሪ ከሆነች ቆይታለች። እሺ አለች። ካቡጎ ለምን እንደመጡ የጠየቀ ሰው ግን የለም። "ብቻውን ከሄደ ሹራቡን አይለብስም" ብለው ነበር የተነሱት፤ ሁሉም በቂ ምክንያት ነው ብሎ ተቀበለው።

ማሲካ ገመዱን ከትከሻዋ አወረደች።

"ጋሼ፣ ብረቱን ያውልቁትና ይነሱልኝ። እስቲ እዚህ ለጥ ያለው ድንጋይ ላይ ቀጥ ብለው ይራመዱ። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነኩ።"

ቴምቦ ቀና ብለው አዩዋት። "ትራፊክ ፖሊስ ሆንሽብኝ?"

"አዎ፣ ሆንኩ።"

"አልጠጣሁም።"

"አውቃለሁ። ይራመዱ።"

ተነሱ። መጀመሪያ ደህና ሄዱ። ከዚያ ግራ እግራቸው ወደ ውጭ ሸሸ፤ ትከሻቸው ተከተለው። ብዋምባሌ ዘሎ ብብታቸውን ባይዝ ኖሮ በጎናቸው ይወድቁ ነበር።

"ጫማው ነው" አሉ ቴምቦ። "እንጨት ነው እንጂ ጫማ አይደለም። እንደገና ልሞክር።"

እንደገና ሞከሩ። ይህኛው ባሰ። ብዋምባሌ የሚቀልደው ነገር አጥቶ መሬት መሬት አየ።

"እንመለሳለን፣ ጋሼ" አለች ማሲካ።

"ወዴት?"

"ወደ ታች። አሁን።"

ቴምቦ ወደ ጫፉ ዞሩ። "ያ አይደል ማርገሪታ?"

"ነው።"

"እዚህ እኮ ነው።"

"ለጤነኛ ሰው ቅርብ ነው። እርስዎ ጤነኛ አይደሉም። ይህ የከፍታ በሽታ ነው፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ይብሳል። ሰው ይገድላል።"

"ማሲካ።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እኔ አይደለሁም ያሳደግሁሽ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ታዲያ እኔን ነው ተመለስ የምትይኝ? ዕድሜ ልኬን መሪ ጨብጫለሁ። በጭጋግ፣ በዝናብ፣ መንገዱ በጎርፍ ተወስዶ። አንድ ቀን ሰው ላይ አደጋ አድርሻለሁ?"

"አላደረሱም።"

"እና?"

"እዚህ መሪው እኔ ጋ ነው፣ ጋሼ።"

 ከዚህ የባሰ ነገር ለስንት ፈረንጅ ተናግራለች። ያለቅሳሉ፣ ይቆጣሉ፣ ጨምረን እንክፈልሽ ይላሉ፤ በመጨረሻ ይወርዳሉ። ቴምቦ ግን ገበታ ላይ ቀና ብላ አይታቸው የማታውቅ ሰው ናቸው።  ከበረዶው ስር የሚፈሰው ውኃ ብቻ ይሰማል።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች። "ፍሬኑ የማይይዝ መኪና ይዘው ዳገት ይወጡ ነበር?"

"አልወጣም!" አሉ ቴምቦ፣ ሳያስቡት። 

"ራስዎን ያምዎታል?"

ቴምቦ ወደ ጫፉ አዩ።

"ጋሼ።"

"ትንሽ" አሉ። "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።"

"ከትናንት ወዲያ?" ካቡጎ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። "ደህና አደርክ ወይ ስልህ፣ እንደ ልጅ ነው የተኛሁት ያልከኝ ሰውዬ! ከትናንት ወዲያ!"

"ብነግርሽ ትናገሪያለሽ።"

"እናገራለሁ እንጂ! ሞተህ ልሸከምህ ኖሯል?"

ቴምቦ ጎንበስ አሉ። ያወለቁትን ብረት ሻንጣቸው ላይ ለማሰር ሞከሩ። ጣታቸው አሁንም እሺ አላላቸውም፤ ማሲካ ተንበርክካ አገዘቻቸው። በዚህ ጊዜ ላግዝዎት ብላ አልጠየቀችም።

"ልንካው ብለው ነበር የመጡት" አለች ቀስ ብላ። "ይንኩት። ከዚያ እንወርዳለን።"

ክንዳቸውን ይዛ እስከ በረዶው አፋፍ አደረሰቻቸው። ቴምቦ ጓንታቸውን አውልቀው መዳፋቸውን አሳረፉበት። ጠርዙ ነጭ አይደለም፤ ግራጫ ነው፤ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ተጣብቆበታል። ውኃው በጣቶቻቸው መሐል ወረደ።

"ቆሻሻ ነው" አሉ።

"ጠርዙ እንዲህ ነው። ከላይ ንጹሕ ነው።"

"ከሩቅ ስንት ዓመት አየሁት።" እጃቸውን አላነሱም። "አላውቅም ነበር እንዲህ መሆኑን።"

ካቡጎ ከኋላ ቆመው ይጠብቁ ነበር። "እኔስ?" አሉ።

ማሲካ ዞረች። "እርስዎስ ምን ሆኑ፣ እትዬ?"

"እኔ ምንም አልሆንኩም። አላመመኝም። ትናንትም በልቻለሁ፣ ዛሬም በልቻለሁ።" ወደ ጫፉ አዩ። "እኔ እወጣለሁ።"

ማንም የጠበቀው ነገር አልነበረም። ቴምቦ እጃቸውን ከበረዶው ላይ አነሱ።

"አንቺ? ምን ልታደርጊ?"

"አላውቅም። እስቲ ልየው።"

"ከእኔ ጋር አትወርጂም?"

ካቡጎ ባላቸውን ትኩር ብለው አዩ። ቁጣ አልነበረባቸውም። "ማሲካ አብራህ ናት። እኔ ብጨመር ምን አደርግልሃለሁ? እጅህን ይዤ ልነፍርቅ?"

ቴምቦ ወደ ማሲካ ዞሩ፤ ሌላ መልስ ከእሷ የሚጠብቁ መሰሉ። ማሲካ ግን ካቡጎን እያየች ነበር። ባለፉት ቀናት በማጡ ውስጥ፣ ቦቲ ጫማ እስከ ጉልበት በሚሰምጥበት ረግረግ፣ ካቡጎ ከሳር ጉብታ ወደ ሳር ጉብታ እየረገጡ አንዴም ሳይወድቁ መምጣታቸውን አስታወሰች። ያኔ ልብ አላለችውም፤ ዓይኗ ቴምቦ ላይ ነበር።

"እርስዎም ይራመዱልኝ" አለች።

ካቡጎ ብረቱን ፈተው ድንጋዩ ላይ ተራመዱ። ጭንቅላታቸው ላይ የሙዝ ዘለላ ጭነው ገበያ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር፤ አንገታቸው አልተነቃነቀም። ማሲካ ምግብ ስለ መብላታቸው፣ ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ትንፋሻቸው ጠየቀቻቸው። ከዚያ ብዋምባሌን ወደ ጎን ወሰደችው።

"መሰላሉ የተጋደመበት የበረዶው ስንጥቅ እንዴት ነው?"

"ባለፈው ሳምንት ተሻግሬዋለሁ። ደህና ነው።"

"ፀሐይ ሳይጠነክር ተመለሱ። ካስፈራቸው አታግባባ።"

"እሳቸውን?" አለ ብዋምባሌ። "እኔን ካላግባቡኝ ነው።"

ገመዱን ለሁለቱ አሰረችላቸው፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ጎትታ አየችው። ካቡጎ ሲሄዱ ለባላቸው "ሹራብህን ልበስ" ብቻ ነው ያሉት።

ቁልቁል ሲወርዱ ቴምቦ ከፊት፣ ማሲካ አጭር ገመድ ይዛ ከኋላ ነበረች። ቴምቦ በየመታጠፊያው ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። በረዶው ላይ ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች ነበሩ። በኋላ ድንጋዩ ጋረዳቸው። ከኤሌና ጎጆ አልፈው፣ ጅብራው ወደበቀለበት ቁልቁለት ሲገቡ የቴምቦ እግር እየጸና መጣ። ፊታቸው ላይም ደም ተመለሰ።

"ትወጣለች ብለሽ ነው?" አሉ ድንገት።

"ትወጣለች።"

"ጉልበቷን ያማት ነበር እኮ።"

"መቼ?"

ቴምቦ አሰቡ። "እኔ እንጃ። አንድ ጊዜ ሞምባሳ ሆኜ ስደውል ነግራኛለች። ስመጣ ድናለች።"

"እንዴት ዳነች?"

"አልጠየቅኋትም።" ጥቂት ሄዱ። "ስመጣ ሁልጊዜ በሩ ላይ ነው የማገኛት። ከየት እንደምታውቅ እንጃ። የመኪናውን ድምፅ ትለየዋለች መሰለኝ።"

ማሲካ መልሱን ታውቃለች። ካቡጎ ድምፁን ለይተው አልነበረም። ቴምቦ ይመጣሉ በተባለበት ሰሞን ሥራቸውን ሁሉ ከበሩ ፊት ያደርጉት ነበር፤ ባቄላ ሲፈለፍሉም፣ ልብስ ሲጠግኑም። አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ። ገመዱን ላላ አድርጋ ተከተለቻቸው።

ታችኛው ማረፊያ፣ ቡጁኩ ጎጆ ሲደርሱ ጭጋጉ ወርዶ አጠገቡ ያለውን ሐይቅ ሸፍኖት ነበር። እዚያ ሲጠብቃቸው የነበረው ምግብ አብሳይ ትኩስ የካሳቫ ገንፎና የዝንጅብል ሻይ አቀረበ። ቴምቦ ሳህኑን ጠረጉት። ራስ ምታቱም ለቀቃቸው። ማሲካ ይተኙ ብትላቸው እምቢ ብለው፣ ብርድ ልብስ ደርበው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከላይ የሚመጣው መንገድ ከዚያ ይታያል፤ ጭጋጉ ሲፈቅድ።

"አሁን የት ይደርሳሉ?"

"ከጫፉ ወርደው ይሆናል።"

ጥቂት ቆይተው፣ "አሁንስ?"

"ጋሼ፣ አሁን ነው እኮ የጠየቁኝ።"

"ሰው ሲዘገይ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?"

"እንጠብቃለን።"

"ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የለም?"

"የለም።"

ቴምቦ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከባድ ነው" አሉ። "ቢነዱ ይሻላል።"

ማሲካም ውስጧ ተረጋግቶ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ በረዶው ይለሰልሳል። መሰላሉን አሰበች። የሄዱት ሰው የእናቷ ያህል ናቸው፤ የላከቻቸው ደግሞ እሷ ናት። ጎጆው ውስጥ ገብታ ገመድ ጠቀለለች፣ የተጠቀለለውን ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች። ስትወጣ ቴምቦ እዚያው ናቸው። ብርድ ልብሱ ወድቋል። አላነሱትም።

በመጨረሻ ከጭጋጉ ውስጥ የብዋምባሌ ድምፅ መጣ፤ ሲያማርር። ከዚያ ካቡጎ ብቅ አሉ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ጉንጫቸው ከበረዶው በሚመለስ ፀሐይ ተቃጥሏል።

"ይቺ ሴትዮ እዚያው ልታስቀረኝ ነበር!" አለ ብዋምባሌ። "እንውረድ ስል፣ ቆይ። እንውረድ እትዬ፣ ቆይ አልኩህ እኮ!"

 ቴምቦ ቆመው ነበር።

"ደረስሽ?"

"ደረስኩ።"

"እንዴት ነው?"

ካቡጎ አሰቡ። ሁሉም ጠበቀ።

"ይበርዳል" አሉ።

ቴምቦ ሳቁ፤ ከሆዳቸው። ካቡጎም ሳቁ፤ የተሰነጠቀው ከንፈራቸው እያመማቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ራት ላይ ነው ቀስ በቀስ የተናገሩት። መሰላሉ ላይ ሲደርሱ ፈርተው አልቅሰዋል። ብዋምባሌ እንመለስ ሲላቸው፣ እያለቀስኩ መሄድ አይቻልም ወይ ብለው ጠየቁት። ይቻላል አላቸው። ጫፉ ላይ በአንድ በኩል የኮንጎ ደን ጥቁር ሆኖ ይታያል። በሌላው በኩል ግን ደመና ብቻ ነው።

"ቤታችንን ፈልጌ ነበር" አሉ። "አይታይም።"

"አልፈራሽም?" አሉ ቴምቦ።

"ፈርቻለሁ አልኩህ እኮ። ደግሞም ደስ ብሎኛል። ሁለቱም።" ሳህናቸውን ወደ ጎን አደረጉና፣ "እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም" አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል በዝግታ። ቴምቦ ማንኪያቸውን ይዘው ሚስታቸውን አዩ። 

ጠዋት ሰማዩ ተከፍቶ ነበር። ከጎጆው ደጃፍ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ መጡበት፣ በረግረጉ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ሌላው መልሶ ወደ ላይ ወጥቶ፣ በተራሮቹ መሐል ባለው ማለፊያ በር አልፎ፣ በኪታንዳራ ሐይቆች በኩል ተራራውን ይዞራል። ሲነሱ የታሰበው ሁሉም በዚህኛው እንዲዞሩ ነበር።

"ጋሼ መልሰው ከፍታ መውጣት የለባቸውም" አለች ማሲካ፣ ሻይ እየጠጡ። "በመጣንበት እንወርዳለን።"

ቴምቦ አልተከራከሩም። ካቡጎ እሺ ብለው ጓዛቸውን መቋጠር ጀመሩ። እየቋጠሩ ብዋምባሌን፣ "ሐይቆቹ ትላልቅ ናቸው?" አሉት፤ እንዲያው ለወሬ ያህል።

"ትልቅ አይደሉም። ውኃቸው ግን አረንጓዴ ነው። ጠዋት ተራራው ውስጡ ይታያል።"

"እንዴ!" አሉ ካቡጎ፤ ቋጠሮውን አጠበቁ። ከዚያ ወደ ላይኛው መንገድ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩና መልሰው አቀረቀሩ።

ቴምቦ ቦቲያቸውን እያጠለቁ ነበር። አንዱን አድርገው ሁለተኛውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

"ካቡጎ።"

"አቤት።"

"አንቺ በላይኛው ዙሪ።"

"አንተስ?"

"እኔ ከማሲካ ጋር እወርዳለሁ። ታች፣ የተራራው መግቢያ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።"

ካቡጎ ቀጥ ብለው ቆሙ። "እኔ ካንተ በኋላ ነው የምደርሰው። በጣም በኋላ።"

"ልጠብቅሽ።"

"ምን እየሠራህ?"

"ምንም።"

ካቡጎ ባላቸው ተቆጥተው እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን መረመሩት። አልተቆጡም። ወደ ማሲካ ዞሩ። ማሲካ ጓዝ ተሸካሚዎቹን በዓይኗ ለሁለት እየከፈለች ነበር። "ይችላሉ፣ እትዬ" አለች። "ብዋምባሌ አብሮዎት ይሄዳል።"

ካቡጎ የቋጠሩትን ፈቱ። የቴምቦን ሹራብ አውጥተው ለማሲካ ሰጧት። ከዚያ ምርኩዛቸውን አነሱና ብዋምባሌን ተከተሉ።

መንገዱ በጅብራው መሐል ጠመዝማዛ ነው። ካቡጎ አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ። ማሲካ ሻንጣዋን አዘለች፤ ምግብ አብሳዩም በሩን ዘጋ።

"እንሂድ፣ ጋሼ" አለች። "ረግረጉ ብዙ ሰዓት ይወስዳል።"

ቴምቦ ሁለተኛውን ቦቲ አሁን ነው ያጠለቁት። ተነሡ፤ ግን አልተንቀሳቀሱም።

"ቆዪ" አሉ። "እስክትታጠፍ።"